ሳንቲም ካልጎረሰ የማይነሳው ሳጥን

ልጅዎ ስልክ ይዞ «አንዴ ብቻ ልጫወት» ሲል ጨዋታው ለምን ቶሎ እንደማያልቅ አስበው ያውቃሉ? መልሱን ከስልክ በፊት በነበሩት፣ በሳንቲም በሚሠሩት ትልልቅ የጌም ማሽኖች ውስጥ ያገኙታል።

እ.ኤ.አ. በ1972 የአታሪ ኩባንያ መሐንዲስ አለን አልኮርን «ፖንግ» የተባለውን የስክሪን ቴኒስ ሠራ። ማሽኑ ፕሮሰሰርም ሶፍትዌርም አልነበረውም፤ ኳሷን የሚያንቀሳቅሷት የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩቶች ብቻ ነበሩ። ለሙከራ በካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ቆመ። ብዙም ሳይቆይ «ተበላሸ» ተባለ። አልኮርን ሄዶ ሲከፍተው ለካስ የሳንቲም ማጠራቀሚያው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል!

ማሽኑ ሳንቲሙን የሚለየው እንዴት ነው? በአሜሪካ የተለመደው መለያ ኤሌክትሪክ እንኳ አይፈልግም። ሳንቲሙ ሲገባ በመጀመሪያ ስፋቱና ክብደቱ ይፈተናል፤ ካነሰ ወይም ከቀለለ አያልፍም። ቀጥሎ በማግኔት አጠገብ ይንከባለላል። ብረት ከሆነ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሌላ ማዕድን ከሆነ ማግኔቱ እንደየዓይነቱ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። ተገቢው ፍጥነት ያለው ሳንቲም ብቻ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ሲወርድም ቀጭን ሽቦ ይገፋና ጨዋታው ይከፈታል።

የማሽኑ ባለቤት የሚያተርፈው ግን ጨዋታው አልቆ ሌላ ሳንቲም ሲገባ ነው። ስለዚህ ጨዋታዎቹ እየቆዩ እንዲከብዱ ተደርገው ይሠሩ ነበር። በ1978 ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በሠራው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ጠላቶቹ ሲመናመኑ የቀሩት ይፈጥናሉ። ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ የሚስለው ሲቀንስ ሥራው ይቀለዋል። ኒሺካዶም ጨዋታውን አጓጊ ስላደረገው እንዲሁ ተወው።

በሰፈር ጆተኒ ያደጉ ከሆነ ነገሩ አይጠፋዎትም፤ ኪስ ሲራቆት ጨዋታው ያበቃል፤ ልጁም ምን ያህል እንዳወጣ ያውቃል። ብዙዎቹ የስልክ ጌሞች ግን መግቢያቸው ነፃ ነው። ትርፋቸው ከማስታወቂያና ከውስጥ ከሚሸጡት ዕቃ ስለሆነ፣ የሚጠቅማቸው ልጁ ሳይነሳ ሲቆይ ነው። የሚወጣው ገንዘብም ለልጁ አይታየውም።

እንግዲህ ሳንቲሙን ወደ ቤትዎ ይመልሱት። በመጀመሪያ በስልኩ መግዛት የሚቻለው በይለፍ ቃል ብቻ እንዲሆን ያድርጉ። ከዚያም ለልጅዎ ሦስት ሳንቲሞች ይስጡት፤ እያንዳንዷ የ15 ደቂቃ ጨዋታ ትሁን። አንዷ ባለቀች ቁጥር እሱው ራሱ በእጅዎ ይመልስልዎ። ሦስተኛዋ ስትመለስ ስልኩም ይመለሳል።