ዕጣና ምርጫ፤ በዋሽንግተን ከተማ ስላሉት የቻርተር ትምህርት ቤቶች

ልጅን ለመምህር አደራ መስጠት በሀገራችን ጥንታዊ ልማድ ነው። አባት ልጁን ይዞ ወደ የኔታ ደጅ በደረሰ ጊዜ ፊደል፣ ንባብና ዳዊት በየተራቸው እንደሚመጡ ያውቅ ነበርና፣ የሚያስጨንቀው ልጁ በትምህርቱ ይጸና እንደ ሆነ ነበር እንጂ የትምህርት ቤቱ ዓይነት አልነበረም። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ግን ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ አንድ እንግዳ ጥያቄ ይቀርብለታል። ይኸውም «ከከተማይቱ ትምህርት ቤቶች የትኞቹን ትመርጣላችሁ? የትኛውንስ ታስቀድማላችሁ?» የሚል ነው። ጥያቄውን በጊዜው ያልመለሰ ወላጅ ልጁን ጨርሶ ያለ ትምህርት አያስቀረውም፤ ዳሩ ግን ሌሎች መርጠው የተረፈውን ይቀበላል።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ በአሜሪካ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የተሰበሰቡበት ስፍራ ነው። ከከተማይቱም የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የሚማሩት «ቻርተር» በተባሉት ትምህርት ቤቶች ነው። ስለዚህ እነዚህ ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ልጅ እንዴት እንደሚገባባቸውና ለወላጅ ምን ኀላፊነት እንደሚያስከትሉ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቻርተር ማለት ምን ማለት ነው?

ቻርተር የውል ጽሑፍ ነው። ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው «እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት እናቋቁማለን፤ ይህን ያህል ልጆች በዚህ መንገድ እናስተምራለን፤ ሥራችንም በዚህ ይመዘን» ብለው ለከተማይቱ የቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦርድ ያመለክታሉ። ቦርዱ ሐሳባቸውን መርምሮ የተቀበለው እንደ ሆነ ውል ይገባላቸዋል። ውሉ በዋሽንግተን ለ15 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይመረመራል። ቃሉን የጠበቀ ትምህርት ቤት ይቀጥላል፤ ያልጠበቀው ሊዘጋ ይችላል።

እንግዲህ የቻርተር ትምህርት ቤት በገንዘቡ የሕዝብ፣ በአስተዳደሩ ግን ራሱን የቻለ ነው። ከከተማይቱ ነዋሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም። የመግቢያ ፈተና ሰጥቶ ጎበዙን ከደካማው መምረጥም አይፈቀድለትም። በሌላ በኩል መምህራኑን የሚቀጥረው፣ መጻሕፍቱን የሚመርጠውና የትምህርቱን ሰዓት የሚወስነው የከተማይቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ሳይሆን የራሱ የአስተዳደር ቦርድ ነው። ሕጉ እንደሚያዘው ከዚህ ቦርድ አባላት የሚበዙት የከተማይቱ ነዋሪዎች፣ ቢያንስ 2ቱም በዚያው ትምህርት ቤት ልጆች ያሏቸው ወላጆች መሆን አለባቸው። ከእነዚህ ወንበሮች በአንዱ ላይ ኢትዮጵያዊ እናት ወይም አባት እንዳይቀመጥ የሚከለክል ነገር የለም።

የሐሳቡ ታሪክ ረጅም አይደለም። የመምህራን ማኅበር መሪ የነበረው አልበርት ሻንከር በ1988 ዓ.ም. ባደረገው ንግግር፣ መምህራን አዲስ የማስተማሪያ መንገድ በነጻነት የሚሞክሩባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲፈቀዱ ጠየቀ። በ1991 ዓ.ም. የሚኒሶታ ግዛት የመጀመሪያውን የቻርተር ሕግ አወጣች፤ በ1992 ዓ.ም. በዚያችው ግዛት በሴይንት ፖል ከተማ ሲቲ አካዳሚ የተባለው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዋሽንግተንን ሕግ የአሜሪካ ኮንግሬስ በ1996 ዓ.ም. አጸደቀ። ሻንከር ራሱ ግን ነገሩ ከመነሻው ዓላማ ርቋል ብሎ በኋላ ተቃዋሚ ሆነ። ዛሬም አንዳንዶች ቻርተሮቹ ለድኻው ልጅ በር ከፈቱለት ሲሉ፣ ሌሎች የሰፈሩን ትምህርት ቤት ተማሪና ገንዘብ ወሰዱበት ይላሉ።

ዕጣው እንዴት ይወጣል?

ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ የዕጣን ነገር ያውቃል። ነገር ግን በዕቁብ ዕጣው ቢዘገይ ነው እንጂ ለማንም አይቀርም፤ በትምህርት ቤት ዕጣ ግን የሚደርሰው እንዳለ ሁሉ የማይደርሰውም አለ። ስለዚህ አሠራሩን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዋሽንግተን «ማይ ስኩል ዲሲ» የተባለ የጋራ ዕጣ አላት። ወላጅ በአንድ ማመልከቻ፣ ቻርተሮቹንም ሆነ ከተማይቱ ራሷ የምታስተዳድራቸውን ትምህርት ቤቶች፣ እስከ 12 ድረስ በቅደም ተከተል ይጽፋል። ማመልከቻው በዲሴምበር ወር ይከፈታል፤ ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ለታናናሾቹ በማርች መጀመሪያ ይዘጋል። ውጤቱም በማርች መጨረሻ ገደማ ይነገራል። ለሦስት ዓመት ልጆች ክፍል የሚያመለክት ሕፃን እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን ድረስ ሦስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቀን ያመለከተና በመጨረሻው ቀን ያመለከተ እኩል ናቸው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ያመለከተ ግን ከተጠባባቂዎች ሁሉ መጨረሻ ይሰለፋል።

ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒዩተር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ይወጣለታል፤ ከዚያም ቁጥሩና ያለው ቦታ እስከ ፈቀዱለት ድረስ ካስቀደማቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ይመደባል። በዚያው ትምህርት ቤት ወንድም ወይም እኅት ያለው ልጅ ቅድሚያ ያገኛል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም መጠለያ ለሌላቸው ወይም በመንግሥት የችግረኞች ርዳታ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ቅድሚያ ይሰጣሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት ነገር አለ። «የሚፈለገውን ትምህርት ቤት ባስቀድም አይደርሰኝም፤ ስለዚህ የማይፈለገውን ላስቀድም» ብሎ ብልጠት ማድረግ ጥቅም የለውም። አሠራሩ የተዘጋጀው ወላጅ በእውነት የሚወደውን በእውነተኛው ቅደም ተከተል እንዲጽፍ ነው። አራተኛው የደረሰው ልጅ በፊተኞቹ ሦስቱ ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል፤ ከአራተኛው በታች ከተጻፉት ግን ስሙ ይሰረዛል። ስለዚህ ልጁን ሊልክበት የማይፈልገውን ትምህርት ቤት መጻፍ አይገባውም። የደረሰውንም እስከ ተወሰነው ቀን ድረስ ሄዶ ካላስመዘገበ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ዕጣ ያልደረሰው ልጅ ዕድሜው ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ማለት ለአምስት ዓመት ልጆች ክፍል፣ ከደረሰ ጀምሮ በሰፈሩ በተመደበለት የከተማይቱ ትምህርት ቤት የመግባት መብት አለው። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ግን እንዲህ ያለ ጠቅላላ መብት ስለሌለ፣ ለእነርሱ ዕጣው ዋና በር ነው።

ቋንቋ አለማወቅ ምክንያት አይሆንም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማይቱ ሕግ መንግሥታዊ አገልግሎት በእንግሊዝኛ ለማይናገሩ ሰዎች እንዲተረጐም ያዛል፤ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ማመልከቻውም በአማርኛ ይገኛል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውም ወላጅ ሊፈራ አይገባውም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ በፈቃድ ጉድለት ምክንያት ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት አይከለከልም።

ይሁን እንጂ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ትምህርቱ በነጻ የሚሰጠው በከተማይቱ ወሰን ውስጥ ለሚኖር ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድርያ የሚኖር ወላጅ የዘመድ አድራሻ አስመዝግቦ ልጁን በዋሽንግተን ቢያስተምር ነገሩ እንደ ማጭበርበር ይቈጠራል። ከተማይቱ እንዲህ ያደረጉትን በፍርድ ቤት ከሳ ከትምህርቱ ዋጋ እስከ ሦስት እጥፍ የጠየቀችበት ጊዜ አለ። ለዘመድ ማዘን መልካም ነው፤ ዘመድን ለክስ ማጋለጥ ግን ርኅራኄ አይደለም።

የትንሽ ትምህርት ቤት በረከትና ጉድለት

ከቻርተሮቹ ብዙዎቹ ትንንሾች ናቸው። በየክፍሉ ደረጃ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ብቻ ያለበት ትምህርት ቤት ልጅ በሕዝብ መካከል አይጠፋበትም። ዲሬክተሩ ጠዋት በደጅ ቆሞ ሲቀበል ልጁንም እናቱንም በስማቸው ሊያውቃቸው ይችላል። የሦስተኛ ክፍል መምህር ባለፈው ዓመት ልጁ ምን እንዳስቸገረው የሁለተኛ ክፍሉን መምህር በመተላለፊያው ላይ ጠይቆ ይረዳል። በመምህርነት የቆየ ሰው ሁሉ ይህ ምን ያህል እንደሚረዳ ይመሰክራል።

ትንሽነት ግን ጉድለትም አለው። ሰፊ ሜዳ፣ የስፖርት አዳራሽ፣ በቂ ቤተ መጻሕፍት የሌለው አለ። ቤቱ ኪራይ ሊሆን ይችላል። ለብዙዎቹ ተማሪዎች የትምህርት ቤት አውቶቡስ የለም፤ ከተማይቱ ግን ለነዋሪ ተማሪዎች በሜትሮ ባቡርና አውቶቡስ በነጻ መሄጃ ትሰጣለች። የሦስት ዓመት ሕፃን ብቻውን አይሳፈርምና ርቀቱን ከእናትና ከአባት የሥራ ሰዓት ጋር አስቀድሞ ማስተያየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ገንዘቡ ነው። መንግሥት የሚከፍለው በተማሪ ቁጥር ሲሆን፣ ልጆቹ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር ይቈጠራሉ። ታላቅ ትምህርት ቤት 30 ልጆች ቢጐድሉበት ይችለዋል፤ ትንሹ ግን መምህር ለማሰናበት ይገደዳል። ይህ የሩቅ ፍርሃት አይደለም። ኢግል አካዳሚ የተባለው የዋሽንግተን ቻርተር ትምህርት ቤት የተማሪው ቁጥር ቀንሶ፣ ገንዘቡም አልቆ፣ በ2024 ዓ.ም. በኦገስት ወር ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ተዘጋ። ወላጆቹም በዚያች አጭር ጊዜ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

በሀገራችን ሥርዐት ወላጅ ለመምህር ያለውን አክብሮት የሚገልጸው ብዙ ባለመጠየቅ ነው። በአሜሪካ ግን ዝም ያለ ወላጅ ለልጁ ግድ የሌለው መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በትሕትና አጥብቆ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ውሉ መቼ ይታደሳል? ባለፈው ምርመራስ ምን ተባለ? ሁለተኛ፣ የተማሪው ቁጥር ባለፉት ዓመታት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ሦስተኛ፣ ካለፈው ዓመት መምህራን ስንቶቹ ቀሩ? መምህራን በየዓመቱ የሚለቁት ቤት ከቀለሙ ማማር በላይ የሚናገረው ነገር አለ። አራተኛ፣ በንባብ የዘገየ ልጅ ማን ይረዳዋል? ልዩ ርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ ቻርተሩም እንደ ማንኛውም የሕዝብ ትምህርት ቤት የማስተማር ግዴታ አለበትና «እኛ ትንሽ ነን» የሚለው መልስ አይበቃም። አምስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ እስከ ስንተኛ ክፍል ያስተምራል? እስከ አምስተኛ ብቻ ከሆነ ዕጣው እንደ ገና ሊመጣ ነውና።

ለቤት የቀረው ድርሻ

ሲመዘገቡ በቤት ስለሚነገረው ቋንቋ ይጠየቃል። አማርኛ ብሎ መመለስ ልጁን ዝቅ ያስደርገዋል ብለው የሚሸሽጉ አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ከ1974ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ወዲህ እንግሊዝኛ ላልጠናለት ልጅ ትምህርት ቤቱ ርዳታ የመስጠት ግዴታ አለበት። እውነቱን የሸሸገ ወላጅ ይህን ርዳታ ከልጁ ይነሣዋል።

ከከተማይቱ ቻርተሮች መካከል ስቶክስ ፈረንሳይኛና እስፓንኛ፣ ዩ ዪንግ ቻይንኛ፣ ሴላ ዕብራይስጥ ያስተምራሉ። ልጆቻችን ከእነዚህ አንዱን ቢማሩ መልካም ነው። ነገር ግን የአያቱን ደብዳቤ ማንበብ የማይችል ልጅ በቻይንኛ ቢቀኝ ደስታው ሙሉ አይሆንም። ፊደሉን ማስቈጠር የወላጅ ፈንታ ነው።

ሃይማኖትም እንዲሁ ነው። ሕጉ የቻርተር ትምህርት ቤት ከማንኛውም ሃይማኖት ጋር እንዳይቈራኝ ያዛል። ይህ ልጁን ከእምነቱ የሚያወጣ ሳይሆን አደራውን ለቤትና ለሰንበት ትምህርት ቤት የሚመልስ ነው። በጾም ወራት ምሳውን ከቤት ቋጥሮ መስጠት ይቻላል። ጃንዋሪ 7 ቀን ለልደት፣ ቀጥሎም ለጥምቀት የሚቀር ልጅ፣ ወላጁ አስቀድሞ በጽሑፍ ካስታወቀ በሃይማኖት በዓል ምክንያት እንደ ቀረ ይቈጠርለታል። መምህሩም ይህን በማወቁ ልጁን የበለጠ ይረዳዋል እንጂ አይንቀውም።

ወላጆች ሆይ፣ ቀኑ ሳያልፍ ጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱን በዓይናችሁ ተመልከቱ፤ የምትወዱትን በእውነተኛ ተራው ጻፉ። የደረሳችሁ ያላሰባችሁት ቢሆንም ልጁን አስገብታችሁ አትተዉት፤ በስብሰባው ተገኙ፣ ከመምህሩ ጋር ተዋወቁ፣ ማታ ደብተሩን ግለጡ። ዕጣውን ኮምፒዩተር ያወጣዋል፤ ፈንታው ግን የእናንተ ነው።