በወገን ምሽግ ውስጥ ያደፈጠ ጠላት

«በደምህ ውስጥ ቫይረሱ አልታየም ከተባልሁ፣ መድኃኒቱን እስከ መቼ ልዋጥ?» ይህ ጥያቄ በየሰፈሩና በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነሣ ስለሆነ፣ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ በግልጽ እንመልከተው።

እ.ኤ.አ. በ1985 በኡጋንዳ ራካይ አውራጃ፣ ነዋሪው «ስሊም» ያለውን ሰውን አክስቶ የሚገድል በሽታ ለዓለም ካስታወቁት ሐኪሞች አንዱ፣ ኋላ በካምፓላው ማኬሬሬ ዩኒቨርስቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤትን የመሩት ዶክተር ዴቪድ ሰርዋዳ ናቸው። ማኬሬሬ ከአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች ጋር በ1988 የጀመረው የራካይ ጥናትም ለጥያቄያችን መልስ አበርክቷል።

ወታደር እንደሚያውቀው፣ ከጠላት ሁሉ የሚከፋው የወገንን መለዮ ለብሶ በወገን ምሽግ የሚያደፍጠው ነው። ኤች.አይ.ቪ. የሚያጠቃው ሰውነታችን ለመከላከያ ያሰለፋቸውን፣ ሲዲፎር የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ወደ ሕዋሱ ከዘለቀ በኋላ የራሱን የዘር መመሪያ ከሕዋሱ የዘር መመሪያ ጋር ያዋሕዳል። ከተያዙት ሕዋሳት አብዛኞቹ ቫይረሱን ሲያራቡ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ያንቀላፋሉ። ያንቀላፋ ሕዋስ የቫይረሱን ምልክት በገጹ ስለማያወጣ፣ ገዳይ የመከላከያ ሕዋሳት ወገን መስሏቸው ያልፉታል። መድኃኒቱም የሚያግደው የቫይረሱን መራባት እንጂ ያደፈጠውን ስላልሆነ አይነካውም። ይባስ ብሎ፣ አንዳንዱ ሕዋስ ቢታወቅ እንኳ የገዳዮቹን ምት የሚቋቋም ሆኖ ተገኝቷል፤ እየተከፈለም ቁጥሩን ያበዛል። መድኃኒት ሳይቋረጥ የእነዚህ ሕዋሳት ብዛት በግማሽ ለመቀነስ 44 ወራት ያህል ይፈጅበታል።

በ2017 በታተመ ጥናት፣ መድኃኒታቸውን በሚገባ በወሰዱ የራካይ ነዋሪዎች ደም ውስጥ የተገኙት ያደፈጡ ሕዋሳት፣ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በታካሚዎች ደም ከታዩት አንድ ሦስተኛ ያህል ነበሩ። አነሱ እንጂ አልጠፉም።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ያደፈጠው ይነቃል፤ በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ደሙን መልሶ ይወርራል። መድኃኒቱን ሳያጓድል ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሆኖ የዘለቀለት ሰው ግን ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ስለዚህ ባል ግዳጅ ሲወጣ መድኃኒቱን ከስንቁ ጋር የምትቋጥር ሚስት፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሚስቱን የሚያስታውስ ባል፣ ትዳራቸውን በዘብ ያስጠብቃሉ። ተተኪ ሳይመጣ ዘብ ቦታውን አይለቅምና።