ሞተሩ የሚሞቀው መቼ ነው? የአሮጌ የመስክ መኪና የማቀዝቀዣ ችግርን ስለ መመርመር

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በሁምቦ በኩል ወደ ዓባያ ሐይቅ ቆላ የሚሄድ መኪና መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ነው። ጠዋት ያለ ችግር የወረደ አሮጌ ላንድክሩዘር ከሰዓት በኋላ ሰውና እህል ጭኖ ሽቅብ ሲወጣ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ውሃ ጨምረን ጉዟችንን እንቀጥላለን። ይህ ልማድ ግን ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ደጋግሞ የፈላ ሞተር ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ በጥቂት ወጪ ይፈታ የነበረው ችግርም መኪናውን ጋራዥ ያውለዋል። መኪናው ሲቆም ደግሞ ዘሩ ለገበሬው በወቅቱ አይደርስም። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት፣ ሞተሩ የሚሞቀው መቼ እንደ ሆነ እንጠይቅ።

በዝግታ ሲሄድ ብቻ ከሆነ። መኪናው ቆሞ ወይም በዝግታ ዳገት ሲወጣ ሞቆ፣ በሜዳ ሲፈጥን ከቀዘቀዘ፣ አስቀድመን ቬንቲሌተሩን እንጠርጥር። ሲፈጥን ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል፤ ሲዘገይ ግን አየር የሚስበው ቬንቲሌተሩ ነው። ቺንጋው አለመላላቱን፣ ዙሪያውን የሚከበው መከለያ አለመሰበሩን እንይ። በብዙ አሮጌ ላንድክሩዘሮች ቬንቲሌተሩ የሚዞረው በውስጡ ወፍራም ዘይት በያዘ ክላች ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፍተን፣ ቁልፉን ነቅለን ቬንቲሌተሩን በእጅ ስንገፋው መያዝ ይገባዋል። ያለ ተቃውሞ ከተሽከረከረ ወይም በክላቹ ዙሪያ የዘይት ፍሳሽ ከታየ ክላቹ ደክሟል።

ሲፈጥንና ጭነት ሲበዛ ከሆነ። ይህ በአብዛኛው የራዲያተር መደፈን ምልክት ነው። መደፈኑ ከውጭ ወይም ከውስጥ ሊሆን ይችላል። ከውጭ አቧራ፣ ጭቃና ነፍሳት በክንፎቹ መካከል ይጠቀጠቃሉ፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ፣ ኃይሉ ባልበዛ ውሃ ይታጠባል። ከውስጥ ደግሞ ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ እንደ ማንቆርቆሪያ ዝቃጭ ቱቦዎቹን ይዘጋል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩን ፊት በጥንቃቄ ስንዳስስ አንዱ ቦታ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ በቀዝቃዛው በኩል ውሃ አያልፍም።

ክዳኑን አንናቅ። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ በ2,000 ሜትር ከፍታ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት በመያዝ ይህን የመፍያ ልክ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው ያረጀ ክዳን ግፊቱን ስለማይዝ፣ ደህና ሞተርም በደጋ አገር በቶሎ ይፈላል። ክዳን መለወጥ ከሁሉ የሚቀል ወጪ ነው።

ሌሎች ምልክቶች። ሞተሩ እየሞቀ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ይሆናል። አንዳንድ አሽከርካሪ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ይህ ሞተሩን ከሚገባው በታች በማቀዝቀዝ ነዳጅ ያስበላል፤ ይልቁንስ በአዲስ ይተካ። ውሃው ያለ ፍሳሽ የሚጎድል፣ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚወጣ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ግን የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል፣ መኪናው ሳይነዳ ወደ መካኒክ ይወሰድ።

በመንገድ ላይ። መለኪያው ሲወጣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው እንክፈት፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ይቀንሳል። ካልወረደ ጥላ ፈልገን እንቁም። ትኩስ ራዲያተር አይከፈትም፤ በትኩስ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስስም።

በመጨረሻም በየመኪናው አንድ ደብተር ይኑር። የሞቀበት ቦታ፣ ፍጥነቱ፣ ጭነቱና የተጨመረው ውሃ መጠን ይመዝገብበት። መካኒኩ የሚፈልገው የመጀመሪያ መረጃ ይህ ነው፤ ሳያስፈልግ ከሚገዛ ራዲያተርም ያድነናል።