ታማሚዎች የሚያዋጡለት ምርምር

እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ታዋቂው የቫይረስ ተመራማሪ ኢያን ሊፕኪን፣ ሃባኔሮ የሚባለውን የሚያንገበግብ ቃሪያ ካሜራ ፊት በሉ። (ሚጥሚጣ ለለመደ አንባቢ ብዙም ላይደንቀው ይችላል።) ዓላማቸው ለምርምር ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። እሳቸውን የሚያህል ሳይንቲስት ቃሪያ በልቶ የሚለምንለት በሽታ ምን ቢሆን ነው?

ሐኪሞች ኤምኢ ወይም ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም ይሉታል። እንቅልፍ የማይሽረው ድካም አንዱ ምልክቱ ብቻ ነው። ዋናው መለያው፣ ታማሚው ገላውን እንደ መታጠብ ያለ ትንሽ ነገር ሲሠራ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ብሶ መነሣቱ ነው። የጠናባቸው ብርሃንና ድምፅ አልችል ብለው በጨለማ ክፍል ለዓመታት ይተኛሉ። በሽታውን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፤ ፈዋሽ መድኃኒትም እስካሁን አልተገኘም።

በሽታው እውነተኛ ስለመሆኑ ያለው ጥርጣሬ የቆየ ነው። በ1955 ለንደን በሚገኘው ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ከ200 በላይ ሠራተኞች ይህን በመሰለ ሕመም ታመሙ። በ1970 ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የሕክምና መዝገቦችን አገላብጠው ነገሩን «ሂስቴሪያ» አሉት፤ ታማሚዎቹን ግን አልመረመሩም። ይህ ፍርድ የምርምር ገንዘብ የሚመድቡትን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተጫናቸው። በአሜሪካ ደግሞ የበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል ለዚህ በሽታ አወጣሁት ካለው 22.7 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 8.8 ሚሊዮኑ ለሌላ ሥራ እንደዋለ መርማሪዎች በ1999 አጋለጡ። እንግዲህ ታማሚ በመንግሥት ተስፋ ቢቆርጥ ማን ይፈርድበታል?

ቀዳዳውን ለመሙላት የሞከሩት በጎ አድራጊዎች ናቸው። በእንግሊዝ አክሽን ፎር ኤምኢ በ1987 ተቋቋመ፤ በስኮትላንድ ኤምኢ ሪሰርች ዩኬ፣ በአሜሪካ ኦፕን ሜዲሲን ፋውንዴሽን ተከተሉ። የኋለኛው በ2018 ማንነቱን ከደበቀ የቢትኮይን ባለሀብት 5 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። እንዲህ ያለ ሲሳይ ግን ብርቅ ነው። አብዛኛው ገንዘብ የሚመጣው ከታማሚዎችና ከቤተሰቦቻቸው፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ያውም ብዙዎቹ ሠርተው መብላት ያቃታቸው ሰዎች ናቸው።

የመዋጮውን አቅምና ገደብ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየኝ የኖርዌይ ታሪክ ነው። በበርገን የካንሰር ሐኪሞች የሆኑት ኦይስታይን ፍሉጌና ኦላቭ ሜላ፣ ኤምኢ ያለባት የካንሰር ታካሚያቸው ከሕክምናው በኋላ ድካሟ ጭምር ሲቀልላት አስተዋሉ። ከዚያም ሪቱክሲማብ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት በ30 ሰዎች ላይ ሞከሩ። በ2011 ያወጡት ውጤት አስደናቂ ነበር፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 15ቱ 10ሩ ሲሻላቸው፣ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ከተሰጣቸው 15 ሰዎች የተሻላቸው 2 ብቻ ነበሩ። ለትልቁ ሙከራ ታማሚዎች «ኤምኢ ኤንድ ዩ» በሚል ዘመቻ ገንዘብ አዋጡ፤ የኖርዌይ የምርምር ምክር ቤትና በቺዝ የታወቀው የካቭሊ ኩባንያ ባለቤት የሆነው የካቭሊ በጎ አድራጎትም ጨመሩበት።

ሙከራው 151 ሰዎችን አሳትፎ በ2019 ታተመ። መድኃኒቱ አልሠራም። መድኃኒቱን ካገኙት 26 በመቶ ተሻላቸው፤ ካላገኙት ደግሞ 35 በመቶ። ያዋጡት ሰዎች ሐዘን ከባድ ነበር። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ የዋለ መዋጮ አላውቅም። ባይሞከር ኖሮ፣ ውድና አደገኛ የሆነውን መድኃኒት በየግል ክሊኒኩ እያሳደዱ ጥሪታቸውን የሚጨርሱ ሰዎች በበዙ ነበር።

የበጎ አድራጊዎች ሥራ ገንዘብ መስጠት ብቻም አይደለም። በኤዲንበራው ተመራማሪ ክሪስ ፖንቲንግ የተመራው ዲኮድኤምኢ የተባለው የዘረመል ጥናት የ3.2 ሚሊዮን ፓውንዱን በጀት ያገኘው ከእንግሊዝ መንግሥት የምርምር ተቋማት ነው። አክሽን ፎር ኤምኢና ታማሚዎቹ ግን ጥናቱን አብረው ነደፉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ምራቃቸውን በፖስታ ላኩ። በ2025 ይፋ የሆነው የመጀመሪያ ውጤት የ15,579 ታማሚዎችን ዘረመል መርምሮ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 8 ቦታዎችን አሳየ።

የበርገን ሐኪሞችም አላረፉም። በዚያው ዓመት ዳራቱሙማብ የተባለ ሌላ የካንሰር መድኃኒት ለ10 ሴቶች ሰጥተው 6ቱ በግልጽ እንደተሻላቸው ጽፈዋል። ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው ይህም እንደ 2011ዱ ተስፋ ሊተን ይችላል፤ ቀጣዩ ሥራ በእውነተኛ ንጽጽር መፈተኑ ነው።