ክራር ሲቃኝ፦ የወሎ ቅኝቶች በፊዚክስ ዓይን

በአማርኛ «ቅኝት» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል። አንደኛው የክራርን አውታሮች እያጠበቁና እያላሉ ማስማማት ነው። ሁለተኛው ዜማው የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች ሥርዓት ነው። ቋንቋችን ሁለቱን ያልለያየው ያለ ምክንያት አይደለም። ክራር እንደ ጊታር በጣት ተጭነው ድምፁን የሚለውጡበት አንገት የለውም፤ እያንዳንዱ አውታር የሚሰጠው የተቃኘበትን ድምፅ ነው። ስለዚህ ከትዝታ ወደ ባቲ መሻገር የሚፈልግ ደርዳሪ መሣሪያውን እንደገና መቃኘት ይኖርበታል።

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ የሁለቱ ስም የወሎ ምድር ስም ነው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ቆላ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። የማሪቱ ለገሠን ዜማዎች እየሰማ ያደገ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ሁለቱን ቅኝቶች ለመለየት የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ በአንዱና በሌላው መካከል በአውታሩ ላይ ምን እንደሚከናወን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እንመለከታለን።

የአውታር ሕግ

ፈረንሳዊው ማረን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው ሥራው የአውታር ንዝረት የሚመራበትን ሕግ በግልጽ አስቀምጧል። የንዝረቱ ድግግሞሽ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በአውታሩ ርዝመት፣ በአንድ ሜትር በሚመዝነው መጠንና በውጥረቱ። ክራሩ ከተሠራና አውታሩ ከታሰረ በኋላ በደርዳሪው እጅ የሚቀረው ውጥረቱ ብቻ ነው። ድግግሞሹ የሚያድገው ደግሞ ከውጥረቱ ስኩዌር ሩት ጋር በተመጣጠነ ሁኔታ ነው። ድምፁን በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ ለማድረግ ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት።

መነሻችንን «ዶ» ብንል ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ሲሆን፣ ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ስድስተኛው አውታር መነሻውን በኦክታቭ ይደግማል። ከትዝታ ወደ አምባሰል ለመሄድ ሦስት አውታሮች ብቻ ይነካሉ። ሬና ላ በግማሽ ቶን ይወርዳሉ፤ የእያንዳንዳቸው ውጥረት 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሚ ወደ ፋ ይወጣል፤ ውጥረቱ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከትዝታ ወደ ባቲ ሲኬድ ግን ሬና ላ በሙሉ ቶን ስለሚወጡ የእያንዳንዳቸው ውጥረት 26 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደርዳሪው ይህን ሁሉ የሚያከናውነው በጆሮውና በእጁ ነው።

የውጥረት ስሌት ግን ሁሉንም ነገር አይገልጽም። ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እነዚህኑ ድምፆች ከሶል ጀምረን ብንቆጥራቸው በመካከላቸው ያለው ርቀት በትክክል የአምባሰል ሆኖ እናገኘዋለን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚወስነው ተጫዋቹ እንጂ አውታሩ አይደለም።

ቆዳና አሉሚኒየም

ቀጭን አውታር ብቻውን የሚያንቀሳቅሰው አየር እጅግ ጥቂት ነው። የክራር አውታር ንዝረቱን በብርኩማው በኩል በገበቴው ላይ ለተወጠረው ቆዳ ያስተላልፋል፤ ሰፊው ቆዳ አየሩን ገፍቶ ድምፁን ያጎላዋል። በአሜሪካ ጆን ዶፕየራ የኤሌክትሪክ ማጉያ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ከብርኩማው ሥር ቀጭን የአሉሚኒየም ሾጣጣ ያለበት ጊታር ሠርቶ ነበር። ቆዳው በአሉሚኒየም ከመተካቱ በቀር መሠረታዊ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጊታር እንዲሁም ከሃዋይ የመነጨው በብረት ዘንግ የሚጫወቱት ጊታር ተጫዋቾች ከተለመደው የጊታር ቅኝት መውጣት ይወዳሉ። አንዱ ዝነኛ አቃኛኘታቸው ሦስት አውታሮችን በሙሉ ቶን በማውረድ ስድስቱም ሳይነኩ ሲመቱ አንድ የተስማማ ኅብረ ድምፅ እንዲሰጡ ማድረግ ነው። እነርሱ ይህን «አማራጭ ቅኝት» ይሉታል። ለክራር ተጫዋች ግን ሌላ መንገድ የለም፤ የዕለት ሥራው ነው።

በጊታር አምባሰልን መሞከር ለሚሹ ወጣቶች አንድ ማሳሰቢያ አለ። የክራር አውታሮች በአንድ ኦክታቭ ውስጥ የተሰበሰቡ ሲሆኑ፣ የጊታሩ ስድስት አውታሮች ግን በሁለት ኦክታቭ ላይ ተዘርግተዋል። 82 ኸርዝ የሚሰጠውን ወፍራሙን አውታር በኦክታቭ ለማንሳት ውጥረቱን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት አውታሩ ይበጠሳል ወይም ጊታሩ ይጎዳል። መፍትሔው በቀጭን አውታር መተካት ነው።

ብረት ወይስ ናይለን?

ቀድሞ ክራር በጅማትና በአንጀት ይታሰር ነበር፤ ዛሬ ናይለንና ብረት በብዛት ይታያሉ። ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነና በ220 ኸርዝ የተቃኘ አውታር እንውሰድ። ድምፁን በግማሽ ቶን ለማንሳት ናይለኑ 1 ሚሊ ሜትር ያህል መሳብ ሲኖርበት፣ ብረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይበቃዋል። የቀንበሩ ውፍረት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ናይለኑን የያዘው መቃኛ 5 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ ብረቱን የያዘው ግን ግማሽ ዲግሪ። በቀንበሩ ላይ የተጠመጠመ የጨርቅ ወይም የቆዳ መቃኛ 5 ዲግሪን በሚገባ ይታዘዛል፤ ግማሽ ዲግሪን በእጅ መቆጣጠር ግን እጅግ አዳጋች ነው። ብረት የታሰረባቸው ክራሮች ባለ ጥርስ የጊታር መቃኛ የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው፤ በዚያ መቃኛ ያው ግማሽ ቶን በእጀታው ላይ 30 ዲግሪ ያህል ይሆናል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ

ብረት ሌላም ጠባይ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ይህ የከፍታ ልዩነት በአማካይ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል የሙቀት ልዩነት ያመጣል። ብረት ከእንጨት ይልቅ በሙቀት ስለሚለጠጥ፣ ከላይ የጠቀስነው አውታር ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ 13 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል። ሴንት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው።

ዋሽንት ግን በተቃራኒው ይጓዛል። በሞቃት አየር ውስጥ ድምፅ ስለሚፈጥን ዋሽንቱ 12 ሴንት ያህል ከፍ ይላል፤ የነፊው ትንፋሽ የውስጡን አየር ስለሚያሞቀው በተግባር ለውጡ ከዚህ ያንሳል። የአየሩ ግፊት መለወጡ በራሱ የድምፅን ፍጥነት አይነካም። እንግዲህ ደሴ ላይ የተስማሙ ክራርና ዋሽንት ኮምቦልቻ ሲደርሱ እስከ 25 ሴንት ሊራራቁ ይችላሉ፤ ይህ በጆሮ የሚሰማ ልዩነት ነው። ዋሽንት ቀዳዳው አንዴ ስለተበሳ አይቃኝም፤ ክራሩ ወደ እርሱ ይመጣል።

ጆሮ ወይስ ሰሌዳ?

በመጨረሻ ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። በጆሮ የሚቃኝ ሰው ሁለት አውታሮችን አብሮ መትቶ ማዕበሉን ያዳምጣል። ለምሳሌ ዶና ሶል በ2 ለ 3 ሲስማሙ ድምፃቸው ጸጥ ብሎ ይዋሃዳል። አንዱ 200፣ ሌላው 301 ኸርዝ ቢሆን ግን በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚያብጥና የሚከስም ድምፅ ይሰማል። የኤሌክትሮኒክ መቃኛና ኪቦርድ በበኩላቸው ኦክታቭን በ12 እኩል ክፍል የከፈለ ሰሌዳ ይከተላሉ። በዚህ ሰሌዳ ዶና ሶል ከንጹሑ በ2 ሴንት ብቻ ሲርቁ፣ ዶና ሚ ግን 4 ለ 5 ከሆነው ስምምነት 14 ሴንት ይርቃሉ።

ይበልጥ የሚያሳስበው አንቺሆዬ ነው። ድምፆቹ በመጻሕፍት ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ተብለው ይሰፍራሉ። ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለው ርቀት የኦክታቭ እኩሌታ ነው፤ በትንንሽ ሙሉ ቁጥሮች ስለማይገለጽ ማዕበሉ ለቃኚው መሪ አይሆነውም። ቃኚው የሚመካው ከአስተማሪው ጆሮ በወረሰው ትዝታ ነው። ስለሆነም ሰሌዳው በቀላሉ ሊያስተካክለው፣ እግረ መንገዱንም ሊያጠፋው የሚችለው ይህንን ነው። አንድ ጊዜ በኪቦርድ ድምፅ ብቻ ያደገ ጆሮ የቀደመውን ርቀት መልሶ አይፈጥረውም።

ይህን መመዝገብ ውድ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ድምፅ የሚቀዳና ድግግሞሽ የሚለካ የእጅ ስልክ በቂ ነው። በደቡብ ወሎ የሚገኙ ተማሪዎቻችን በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ አምባሰልም ሆነ ወደ ባቲ ሲሄዱ፣ በጆሯቸው የሚቃኙ አዛውንቶችን አስፈቅደው እያንዳንዱን አውታር ለየብቻ ይቅዱ። የአውታሩን ዓይነት፣ የቦታውንና የአየሩን ሙቀት ይጻፉ፤ በሌላ ቀንም ተመልሰው ይድገሙት። አንድ ሰው በሁለት ቀን የቃኘው ቢቀራረብና ከሰሌዳው ግን ቢርቅ፣ ርቀቱ ስሕተት ሳይሆን የራሱ የቅኝቱ ጠባይ መሆኑን በቁጥር እናሳያለን። መለኪያው በእጃችን ነው፤ የሚለካው ጆሮ ግን ዕድሜ አለው።