ጀምበር ሶዶ እንዲደርስ

አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ሲያገኝ «ጀምበር» ይሆናል። ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያስተዋወቀው ይህ ልዕለ ጀግና በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይነበባል። ተከትላው የመጣችው «ሀዊ» ደግሞ በአሜሪካ ያደገች ኢትዮጵያዊት ናት፤ ለኅትመቷ አንባቢዎች በኢንተርኔት ገንዘብ አዋጥተዋል።

እነዚህ ጀግኖች የተወለዱት የአሜሪካ ኮሚክ የቀድሞ ገበያ በሚናጋበት ዘመን ነው። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ መጽሔቱን ማንኛውም ልጅ ከጋዜጣ መሸጫ በ10 ሳንቲም ይገዛው ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ሽያጩ ቀስ በቀስ ወደ ልዩ የኮሚክ ሱቆች ዞረ። ባለሱቁ ያልተሸጠለትን መመለስ ስለማይችል፣ የሚያዝዘው ቋሚ ደንበኞቹ እንደሚገዙት እርግጠኛ የሆነበትን ብቻ ነው። ደንበኞቹ እያረጁ ሄዱ፤ ልጆቹ ደግሞ ወደ ጃፓኑ ማንጋና ወደ ስልካቸው ዞሩ። ለሱቆቹ ዋና አከፋፋይ የነበረው ዳይመንድ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

በዳሞት ተራራ ሥር ባለችው ወላይታ ሶዶ የኮሚክ ሱቅ ልማድ ስላልነበረ የሚፈርስ ነገር የለም። አንባቢው ግን አለ። ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት የአማኑኤልን ጭንቀት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ወደ እሱ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ ስልክ ነው። ለወረቀት የተሣለ ሰፊ ገጽ ግን በትንሽ ስክሪን ላይ ፊደሉ አይነበብም፤ ኮሪያውያን የሚጠቀሙበት፣ ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች እየተንሸራተተ የሚነበብበት መልክ ለስልክ የተሻለ ይመቻል። ክፍያውም በቴሌብር፣ ተማሪ በሚችለው ዋጋ መሆን አለበት። ያለዚያ ፋይሉ በቴሌግራም በነጻ ይዞራል፤ ሠዓሊው ባዶ እጁን ይቀራል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ቋንቋው ነው። የወላይታ ልጅ አንደኛ ደረጃ ሲገባ ማንበብ የሚጀምረው በላቲን ፊደል በሚጻፈው ወላይትኛ ነው። ኮሚክ ደግሞ ለትርጉም የተመቸ ነው፤ ሥዕሉ አንዴ ከተሣለ የሚለወጠው በአብዛኛው በንግግር አረፋው ውስጥ ያለው ጥቂት ቃል ነው። እዚያው ያሉ ሠዓሊዎችም ከወላይታው ንጉሥ ከካዎ ጦና ታሪክ ተነስተው የራሳቸውን ጀግና ሊፈጥሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ለአሳታሚዎች አንድ ልመና አለኝ፦ ቀጣዩን ክፍል ስታዘጋጁ አንዱን ቅጂ በወላይትኛ፣ ለስልክ በሚመች መልክ አውጡልን።