ተልባውን ከገበያ በፊት ለቤት ስፈሩ

«ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» ሲባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ተረቱ ተልባን ይንቃል። እናንተ ግን አትናቁት።

በአርሲ፣ በባሌ፣ በሸዋና በሌላውም ደጋ አገር ብዙ ገበሬ ተልባ ይዘራል። ከተወቃ በኋላስ? ሙልጭ ተደርጎ ገበያ የሚወጣበት ቤት ብዙ ነው። ልጆች ጎመኑን ያለ ቅባት ይበላሉ። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ጎመን ውስጥ ዓይንን ከዳፍንት የሚከላከል ነገር አለ። ዳፍንት የያዘው ልጅ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል። ሰውነት ያንን ነገር ከጎመኑ በደንብ የሚወስደው ግን ከቅባት ጋር ሲበላ ነው።

ቅባት የሚገኘው ከቅቤ ብቻ አይደለም። ከ100 ግራም ተልባ 40 ግራም ያህሉ ዘይት፣ 20 ግራም ያህሉ ሰውነት ገንቢ ፕሮቲን ነው። በሑዳዴ 55 ቀን፣ ወተትና ቅቤ በማይቀመስበት ጊዜ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ከተሜው ቺያ የሚባል፣ መነሻው ሜክሲኮና ጓቲማላ የሆነ ዘር ገዝቶ ይበላል። ቺያም ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ የዘይታቸውም ዓይነት ተቀራራቢ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠጠሩንና ገለባውን ልቀሙ። በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ ቁሉት፤ ሲንጣጣና ሽታው ሲያውድ አውርዱት። ካረረ ይመራል። ሲበርድ ውቀጡና በወንፊት ንፉት። ሳይወቀጥ የተበላ ተልባ እንደገባ ይወጣል። ጥሬውንም በብዛት አትብሉ፤ የሚጎዳ ነገር አለበት፣ እሳት ይቀንሰዋል።

ለፍትፍት፦ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ1 ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ። ጨው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምራችሁ እንጀራ ፈትፍቱበት።

ለጎመን፦ ጎመኑ ሲበስል ብጥብጡን ከላይ አፍስሱ። ትንሽ ተንተክትኮ ይውጣ።

ደረቁን ዱቄት አትቃሙት፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ጉሮሮ ይይዛል። የተወቀጠው ቶሎ ይበላሻል፤ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ ውቀጡ። ፍሬው ግን ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይከርማል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አትስጡ።

ተልባ በማይበቅልበት አገር ኑግ፣ ሰሊጥና ሱፍ አሉ። ሱፉን ቆልታችሁ ውቀጡ፤ በውሃ አሽታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ወተት መስሎ የሚወርደው ለፍትፍት ይሆናል።

ወንዶች ሆይ፣ ይህ የጓዳ ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። ጆንያውን ጭናችሁ ገበያ የምትወርዱት እናንተ ናችሁ። ከአውድማ ስትመለሱ ባልና ሚስት ተመካከሩ። ለልጆቻችሁ ወጥ የሚሆነውን አስቀድማችሁ ስፈሩና በእንስራ አስቀምጡ። ጨውና ጋዝ የሚገዛው ከዚያ በተረፈው ነው።